ከመዝገብ ያልገባ እንግዳ

በመዝገብ ቤት ሥራ ጥቂት ዓመታት ያሳለፈ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ባለጕዳዩ በአካል ፊት ለፊት ቆሞ ሳለ፣ ስሙ በመዝገቡ ላይ ስላልተገኘ ብቻ እንደሌለ ሰው መቈጠሩ ነው። ሰውየው አለ፤ ይናገራል፤ ጣቱን እየቀሰረ ያስረዳል፤ ዳሩ ግን ፋይሉ የለምና ጕዳዩ አይንቀሳቀስም። እኔ በበኩሌ ይህን የመሰለው ነገር በሰውና በወረቀት መካከል ብቻ የሚደርስ ይመስለኝ ነበር። በኮምፒዩተር ሆድ ውስጥም መዝገብ መኖሩን፣ ከመዝገቡ ያልገባ ዕቃም ምንም ጤነኛ ቢሆን ከደጅ ቆሞ እንደሚቀር የተረዳሁት ለሥራ ተመድቤ ሰቆጣ በከረምሁበት ጊዜ ነው።

ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ የተቀመጠች፣ የቀድሞዎቹ ዋግሹሞች መቀመጫ የነበረች አገር ናት። ሕዝቡ ከአማርኛው ጋር ኽምጣና የሚባለውን የአገው ቋንቋ ይናገራል። ነባር ቤቶቿ በድንጋይና በጭቃ የተሠሩ፣ ግድግዳቸውም እጅግ የወፈረ ነው፤ ይህን የምጠቅሰው ለጌጥ ሳይሆን ወደ ኋላ ከነገራችን ጋር ስለሚገናኝ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ አካባቢውን በመታው ጊዜ መብራትም ስልክም ተቋርጦ ነበር። እኔ የተመደብሁበት መሥሪያ ቤት ከዚያ ሁሉ በኋላ የቀሩለት ጥቂት ያረጁ ላፕቶፖች ነበሩ። የዋይፋይ መቀበያቸው ተበላሽቷል፤ ኢንተርኔቱም ያለው ከግቢው ማዶ በኀላፊው ቢሮ ብቻ ነበር። ስለዚህ የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ስም ዝርዝር በፍላሽ ተይዞ ከክፍል ወደ ክፍል ይዞራል፤ ፍላሹም አንድ ቀን ቫይረስ፣ አንድ ቀን ደግሞ ያለፈውን ወር ዝርዝር ይዞ ይመጣል። ከዝቋላ ወይም ከአበርገሌ በእግሩ ተጕዞ የመጣ ገበሬ «ስሜ ጠፋ» ሲል ፊት ለፊቱ ተቀምጬ መልስ የምሰጠው እኔ ነበርሁ።

ላፕቶፖቹ የሚሠሩት በሊነክስ ነው። ዊንዶውስ 10 የተባለው ሥርዓት ከአምራቹ ያገኝ የነበረው መደበኛ እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. እንዲያበቃ አስቀድሞ ተወስኖ ነበር፤ ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ አዲስ ፕሮሰሰርና የደኅንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ ያረጀ ማሽን አይቀበልም። ገንዘብ ያለው መሥሪያ ቤት ማሽኑን ጥሎ ሌላ ይገዛል። ገንዘብ የሌለው ግን የእኛ ባለሙያ እንዳደረገው፣ ቀኑ ሳይደርስ ሊነክስን ይጭንና አሮጌውን ማሽን ሌላ አምስትና ስድስት ዓመት ያኖረዋል።

ሊነክስን የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። የ21 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ለጊዜ ማሳለፊያ ያህል አንድ ሥርዓት እየሠራ መሆኑን፣ ነገሩም ትልቅ እንደማይሆን ለሙያ ባልንጀሮቹ አስታወቀ። ያ ትልቅ የማይሆነው ነገር ዛሬ ከ30 ሚሊዮን መስመር በላይ ጽሑፍ አለው፤ በአንድሮይድ ስልክ ሁሉ ውስጥም ስለሚገኝ፣ በተከዜ ግድብ ሐይቅ ዓሣ የሚያሰግረው የአበርገሌ ወጣት በኪሱ የያዘው እርሱኑ ነው። የሥርዓቱ ዋና ክፍል ከርነል ይባላል፤ እኛ አስኳል ብንለው የምናጠፋ አይመስለኝም። አስኳሉ በፕሮግራሞችና በዕቃዎች መካከል ቆሞ ያስማማል፤ ለየዕቃውም ድራይቨር የሚባል ነጂ አለው፤ ሾፌር እንደ ማለት ነው። ከአስኳሉ ጽሑፍ ከግማሽ የሚበልጠው የእነዚሁ ነጂዎች ነው።

የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒዩተር ባለሙያ የዝቋላ ተወላጅ የሆነ ዝምተኛ ወጣት ነበር። አንድ ቀን ከደሴ በርካሽ የተገዙ፣ ጣት የሚያህሉ የዋይፋይ መቀበያዎች መጡለት። አንዱን ከላፕቶፑ ጐን ሰካው፤ መብራቱ አልበራም። ሁለተኛውን ሰካ፤ እርሱም እንደዚያው ነው። እኔ የተበላሸ ዕቃ ሸጡልን ስል፣ እርሱ ግን በማሽኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ጥቂት ተመልክቶ «ጋሼ፣ ዕቃው ደኅና ነው፤ የሚያውቀው ነው ያጣ» አለኝ።

ምን ማለቱ እንደ ሆነ ጠይቄው አስረዳኝ። በዩ ኤስ ቢ ቀዳዳ የሚሰካ ዕቃ ሁሉ ሁለት ቍጥር ይዞ ይመጣል፤ አንዱ የድርጅቱ፣ ሁለተኛው የዕቃው ዐይነት ነው። እያንዳንዱ ቍጥር በአራት ምልክት ይጻፋል። ዕቃው በተሰካ ጊዜ አስኳሉ «ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ዕቃውም ቍጥሮቹን ይናገራል። አስኳሉ ነጂዎቹ የያዙትን መዝገብ ተራ በተራ ያይና ቍጥሩ የተጻፈበት ነጂ ከተገኘ ዕቃውን ያስረክበዋል። ካልተገኘ ግን እንግዳው መምጣቱን በዕለት መዝገቡ ጽፎ ዝም ይላል። ወጣቱ የአንዱን መቀበያ ሽፋን ከፍቶ ቢመለከት፣ በውስጡ ያለው ቺፕ ነጂው ከብዙ ዘመን ጀምሮ የሚያውቀው ሆኖ ተገኘ። አዲስ ሽፋን ስለ ለበሰና አዲስ ቍጥር ስለ ተሰጠው ብቻ ነው ባዕድ የሆነው።

ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር በጣም አስገረመኝ። አስኳሉ በሥራ ላይ ሳለ፣ ይህን ቍጥር የያዘ እንግዳ ቢመጣ ያንተ ነው ብሎ ለነጂው የመንገር ዘዴ አለ። ወጣቱ ሁለቱን ቍጥሮች በአንድ አጭር ትእዛዝ ጽፎ አስገባ፤ ወዲያው ሰማያዊው መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። በክፍሉ የነበርን ሁላችን ተደሰትን። ዳሩ ግን ላፕቶፑ ጠፍቶ ሲነሣ ነገሩ ሁሉ ተረሳ፤ በቃል የተነገረ እንጂ በመዝገብ የተጻፈ አልነበረምና። የመዝገብ ሠራተኛ በመሆኔ ይህን ለመረዳት ማንም ሊያስተምረኝ አላስፈለገም።

በነገራችን ላይ ፊደላችንም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ እንግዳ ነበር። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቍጥር ስለ ሆነ፣ ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ የግዕዝን ፊደል እስኪመዘግብ ድረስ፣ ባንዱ ማሽን በአማርኛ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጕም የሌለው ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ገባ፤ «ሀ»ም በኮምፒዩተሮች አቈጣጠር 1200 የሚል ቍጥር ተሰጣት። የኽምጣና ዘመድ የሆነው ብሌን የሚያስፈልጉት ተጨማሪ ፊደላት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ተከተሉ። ወጣቱ ይህን ሲያጫውተኝ ከመቀበያው ነገር ይልቅ ድምፁ ሞቅ ብሎ ነበር።

አሁን ወደ ጕዳያችን እንመለስ። የሚያስፈልገው ማስተካከያ በእንግሊዝኛ ፓች ይባላል፤ መጣፊያ ማለት ነው። ስሙም ዝም ብሎ የወጣ አይደለም፤ በቀድሞው ጊዜ የኮምፒዩተር ትእዛዝ በወረቀት ላይ በቀዳዳ ይጻፍ ስለ ነበር፣ የተሳሳተው ቀዳዳ በእርግጥ በወረቀት ቍራጭ ይጣፍ ነበር። የዛሬው መጣፊያ ግን ተራ ጽሑፍ ነው፤ የሚወጣው መስመር በመቀነስ ምልክት፣ የሚገባው መስመር በመደመር ምልክት ይታያል። ለእኛ የሚያስፈልገው መጣፊያ አንድ የመደመር ምልክት ብቻ የነበረበት ነው። ወጣቱ ሊጽፈው ተሰናድቶ ሳለ፣ በሌላ አገር የሚኖር አንድ በጎ ፈቃደኛ ይኸንኑ መስመር አስቀድሞ ጽፎ እንዳቀረበው አወቀ። መጣፊያው ግን አልገባም። የነጂው ተጠሪ «ይህን ዕቃ በእጁ ይዞ የሞከረ ማን ነው?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ጸሓፊው ቍጥሩን ከሌላ ሰው ሰምቶ እንጂ ዕቃው በእጁ ስላልነበረ መልስ አላገኘም፤ ጕዳዩም እንደ ተንጠለጠለ ቀረ።

ልቤ በነገሩ የተሳበው በዚህ ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም አስኳሉን የሚጠብቁት ሰዎች የሚከተሉት ሥርዓት ያገራችንን የጥንት ችሎት ይመስላል። መጣፊያ የሚያቀርብ ሰው በግርጌው ስሙን ይፈርማል፤ ይህም ሥራው የራሴ ነው፣ ወይም ለማቅረብ መብት አለኝ ብሎ ዋስ መሆኑ ነው። ፊርማው የተደነገገው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ አስቀድሞ በ1995 ዓ.ም. ኤስ.ሲ.ኦ. የተባለ ድርጅት ንብረቴ ያለ ፈቃዴ በሊነክስ ገብቷል በማለት አይ.ቢ.ኤም.ን ከሶ ስለ ነበር፣ እያንዳንዱ መስመር ከማን እጅ እንደ መጣ መታወቅ አስፈልጎ ነው። መጣፊያው በየደረጃው ሲያልፍ የተቀበለው ተጠሪ ሁሉ ፊርማውን ይጨምራል። ጽሑፉን መርምሮ የተስማማ ዐዋቂም መረመርሁት ብሎ ስሙን ያኖራል፤ ይህን በሽማግሌ ልንመስለው እንችላለን። ከነዚህ ሁሉ የሚለየው «ሞከርሁት» ብሎ የሚፈርመው ነው። እርሱ እማኝ ነው። ከእርሱ ሊቅነት አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ዕቃው በእጁ መኖሩና ያየውን መናገሩ ነው። በዓለም ላይ የሚሸጠው ዕቃ ዐይነቱ ስፍር ቍጥር ስለሌለው ማንም ተጠሪ ሁሉንም በጠረጴዛው ላይ ሊያከማች አይችልም። በትልቅ ድርጅት የተቀመጠው መሐንዲስ ሊናገር የማይችለውን፣ ሰቆጣ ያለው ወጣት ሊናገር ይችል ነበር።

ታዲያ ሙከራ ማለት ሰክቶ፣ መብራቱን አይቶ፣ ሠርቷል ማለት አይደለም። ወጣቱ በመጀመሪያ የአስኳሉን ሙሉ ጽሑፍ ማውረድ ነበረበት፤ ይህም ተጨምቆ እንኳ ከ100 ሜጋባይት በላይ ስለሚሆን መስመሩ በሚቀልልበት ሌሊት አወረደው። ቀጥሎ መጣፊያውን አግብቶ ጽሑፉን ሁሉ ወደ ማሽን ቋንቋ መለወጥ ነበረበት። ባረጀው ላፕቶፕ ይህ ሥራ ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጅ ነው፤ በመካከሉም መብራት ጠፋ፣ ባትሪውም አለቀ። እኔ ይህን ስሰማ ከሀ ጀምሮ ሊደግመው ነው ብዬ አዘንሁ። ነገር ግን ሥራውን የሚያካሂደው ፕሮግራም ያለቀውን ካላለቀው በፋይሉ ሰዓት ለይቶ ስለሚያውቅ፣ መብራቱ ሲመጣ ካቆመበት ቀጠለ። ለመዝገብ ቤታችን የተመኘሁት እንዲህ ያለውን ሠራተኛ ነው።

በአዲሱ አስኳል መቀበያው ማንም ሳይነግረው በራሱ በራ። ወጣቱ ይህን ብቻ አይቶ አልተወም። ዐሥር ጊዜ ነቅሎ ዐሥር ጊዜ ሰካ። ትልልቅ ፋይሎችን ላከ፣ ተቀበለ። ላፕቶፑን በክንዱ ታቅፎ ከኀላፊው ቢሮ እስከ ግቢው ዳር እየተዘዋወረ የሞገዱን ጥንካሬ በደብተር መዘገበ። ከወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ ጀርባ ባለው ክፍላችን ባለ 5 ጊጋኸርዙ ሞገድ ተውጦ ሲቀር፣ ባለ 2.4 ጊጋኸርዙ ግን እየደከመም ቢሆን ይደርስ ነበር። ይህ የነጂው ጕድለት ይሁን የግድግዳው ለመለየት ስልኩን በዚያው ቦታ አኑሮ ቢመለከት ስልኩም እንደዚያው ሆነ፤ ስለዚህ ጥፋተኛው ግድግዳው መሆኑን ጻፈ። ከዚህ ሌላ ያው ነጂ ያለው አሮጌ መቀበያ ከአንድ ወዳጁ ተውሶ፣ አዲሱ መስመር ነባሩን ዕቃ እንዳልጐዳ አረጋገጠ። በአስኳሉ ጠባቂዎች ዘንድ ከሁሉ የጸና ሕግ ትናንት የሚሠራውን ዛሬ አለማበላሸት ነውና።

በአራተኛው ቀን ችግር ተገኘ። ላፕቶፑ ተከድኖ አንቀላፍቶ ሲነቃ መቀበያው አብሮ አልነቃም። ነቅሎ እንደ ገና ካልሰኩት በቀር እንደ ሞተ ይቈያል። መብራት በሚቈራረጥበት አገር ላፕቶፕ ባትሪው እንዳያልቅ በየሰዓቱ ስለሚከደን፣ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ኀላፊው ይህን ሲሰሙ ወጣቱን አስጠሩት፤ እኔም ነበርሁ። «አንተ ልጅ፣ ይሠራል ብለህ ጻፍና ይግባልን። ነቅሎ መስካቱን እኛ እንችለዋለን፤ ዝርዝሩን የምንልክበት ቀን ደርሷል» አሉት። እውነት ለመናገር፣ አነጋገራቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያ ሰሞን ስማቸው የተዛባ ሰዎች በደጃችን ተቀምጠው ነበር፤ መጣፊያው ከዘገየ ደግሞ ተራው የሚደርሰው ከሁለት ወር በኋላ ሊሆን ይችላል። ወጣቱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ ሰማና «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ስሜን የምጽፈው ለእኛ ቢሮ ብቻ ቢሆን እሽ ባልሁ ነበር። ይህን መስመር የማያውቁኝ ሰዎች አምነውኝ ነው የሚያስገቡት። የእርስዎን ዝርዝር ግን ማታ ማታ እኔው ራሴ አስተካክዬ አደርሳለሁ» ብሎ መለሰ። ኀላፊው ትንሽ ተቈጥተው አሰናበቱት። እኔ እንደሚመስለኝ ከወጣቱ ጋር እውነት ነበረች፤ ባየነው ነገር ላይ ግማሹን ብቻ የሚናገር እማኝ በድሮው ችሎትም ቢሆን ከሐሰተኛ እማኝ የሚለየው በጥቂቱ ነው። ይሁን እንጂ በደጅ የተቀመጡት ሰዎች ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር የሚለው ጥያቄ ለብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልጠፋም። ወጣቱ ቃሉን ጠብቆ ሁለት ሳምንት ያህል ማታ ማታ ከእኔ ጋር ሲያመሽ፣ ስሞቹን ከወረቀቱ መዝገብ ጋር አንድ በአንድ አስተያየን።

ምስክርነቱ አጭር ነበር። የማሽኑን ዐይነት፣ የአስኳሉን ቍጥር፣ ያደረገውንና ያየውን ሁሉ በተራ ጽሑፍ ጻፈ፤ የእንቅልፉንም ችግር ከነማስረጃው አያይዞ ላከ። የመጣፊያው ጸሓፊ ባመሰገነበት መልስ ምክንያቱ ተገለጠ። በእንቅልፍ ጊዜ ኀይል ሲቋረጥበት ቺፑ ቀድሞ ከነጂው የተቀበለውን ትእዛዝ ሁሉ ይረሳል፤ ነጂው ግን ያስታውሳል ብሎ በቀጥታ ያነጋግረዋል። ስለዚህ ጸሓፊው ሁለተኛ መጣፊያ ጨምሮ፣ ዕቃው በነቃ ቍጥር ትእዛዙ እንደ ገና እንዲሰጠው አደረገ። ወጣቱ ሌሊቱን እንደ ገና አምሽቶ ሁሉንም ከመጀመሪያው ሞከረ፤ ላፕቶፑን ሠላሳ ጊዜ ከድኖ ሠላሳ ጊዜ ከፈተው። በዚህ ጊዜ ሞከርሁት ብሎ ስሙንና የአባቱን ስም በላቲን ፊደል አኖረ።

ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ረጅም ቢሆንም የተጠረገ ነው። መጣፊያው ከነጂው ተጠሪ ወደ ገመድ አልባው ክፍል ተጠሪ፣ ከእርሱም ወደ ጠቅላላው የኔትዎርክ ክፍል አለፈ። በየዕለቱ የሁሉም ክፍሎች ሥራ ባንድነት በሚሞከርበት መድረክ ላይ ከሌሎች ጋር መጋጨት አለመጋጨቱ ታየ። ቶርቫልድስ አዲስ ሥራ የሚቀበለው አንድ እትም ከወጣ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ብቻ ነው፤ በዚያ ጊዜ ተቀብሎ ያዋሕዳል። ከዚያ በሩ ይዘጋና ሰባት ሳምንት ያህል ስሕተት ሲለቀም ይቈያል። እንዲህ ሆኖ በየዘጠኝና በየዐሥር ሳምንቱ አንድ እትም ይወጣል፤ በአንዱ እትም ላይ ወደ 2000 የሚጠጉ ሰዎች ይሳተፋሉ። ውሕደቱ የሚመዘገብበት ጊት የተባለው መሣሪያ በ1997 ዓ.ም. በቶርቫልድስ የተሠራ ነው። በጊት እያንዳንዱ መዝገብ ከርሱ በፊት ከነበረው ሁሉ የተሰላ መለያ ስላለው፣ ካለፈው ገጽ አንድ ፊደል ቢነካ የተከታዮቹ ሁሉ መለያ ይለወጣል። ገጽ ተቀድዶ ሲወጣ ላየ የመዝገብ ሠራተኛ ይህ እንቅልፍ የሚነሳ ቅናት ነው።

ለነባሮቹ እትሞች እድሳት የሚሰጡት ሰዎች አዲስ ነገር አይቀበሉም፤ በመዝገብ ላይ የዕቃ ቍጥር መጨመርንና እርግጠኛ ጥገናን ግን በደንባቸው ይፈቅዳሉ። በዚህ የተነሣ ሁለቱም መጣፊያዎች ለጥቂት ሳምንታት ዘግይተው ወደ እኛ ማሽኖች የደረሱት በተራ እድሳት ነው። አንድ ጧት ከጽሕፈት ክፍሉ ሠራተኞች አንዷ ላፕቶፗን ስትከፍት መቀበያው በርቶ ቈየ፤ እርሷም ምንም እንግዳ ነገር የሆነ ስላልመሰላት የወሩን ዝርዝር ልካ ቡናዋን ልትጠጣ ወጣች። ኀላፊው ማለፉን ሲሰሙ ወጣቱን ጠርተው በአምደ ወርቅ ያለው ቅርንጫፍም ስንት መቀበያ እንደሚያስፈልገው እንዲያጠና አዘዙት።

እኔ ስሙን በዚያ ረጅም መዝገብ ላይ ፈልጎ እንዲያሳየኝ ለመንሁት። ከአንዱ የውጭ አገር ሰው ስም በታች፣ በአንዲት መስመር፣ የርሱና የአባቱ ስም ተጽፎ አየሁ። «አባትህ ይህን ያውቃሉ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ሞባይል ጠጋኝ ሆኛለሁ ብዬ ነው የነገርኋቸው፤ ሌላው ነገር በኽምጣና ለማስረዳት ገና ቃል አላወጣሁለትም» ብሎ ሳቀ። ወዲያውም ከጥግ አቧራ ለብሶ የቈየውን፣ ማንም ማሽን አላውቀውም ያለውን አሮጌ ማተሚያ ገልብጦ፣ ከሥሩ የተለጠፈውን ቍጥር በብርሃኑ በኩል እያዘነበለ ያነብ ጀመር።